ጭርት ነው እየተባለ ሁለት ዓመት አለፈብኝ

አናቱ ላይ መግል እየያዘ፣ ቅርፊት እየሰራ፣ ፀጉሩን ከነስሩ ይዞት የሚሄድ ነገር ያለበት ሰው ካለ ይሄን ያንብብ፣ ረጅም ነው ግን፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ሐኪም አይደለሁም። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሽያን ነኝ፣ ቤቴ ደሴ ነው፣ የምጽፈው ፎሊኩላይተስ ዲካልቫንስ ስለሚባል የራስ ቆዳ በሽታ፣ የደረሰብኝንና ሐኪሞቹን እየጨቀጨቅኩ የተረዳሁትን ነው።

2011 ላይ ነው የጀመረኝ። መጀመሪያ ማሳከክ ብቻ ነበር፣ አናቴ መሀል ላይ። ደሴ ብርድ ነው ኮፍያ ከራስ አይወርድም፣ ሐረጎን ጨርሳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እኮ ናት ግን አየሩ ሌላ አገር ነው፣ እዛ ላይ ስራ ቦታ ሄልሜት አለ፣ እና በቃ ላብ ነው ብዬ ተውኩት። ከዛ ብጉር የሚመስሉ ትናንሽ ነገሮች ወጡ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት በየአንዳንዱ ብጉር መሀል ፀጉር አለ፣ ዙሪያው ቀይ፣ ጫፉ ነጭ መግል። ሳፈርጠው ይደማል፣ ይደርቅና ቅርፊት ይሆናል፣ ቅርፊቱን ሳነሳው ሁለት ሦስት ፀጉር አብሮ ይመጣል። ጠዋት ትራሱ ላይ የደምና የመግል ነጠብጣብ አለ። ባለቤቴ የትራስ ልብሱን በበረኪናም በምንም አጥባ አልለቅ ሲላት አንድ ቀን ጥቁር ገዝታ መጣች። ምንም አላለችኝም፣ ቀየረችው በቃ። ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ በግልጽ የነገረኝ ፀጉር የሚቆርጠኝ ልጅ ነው። ፒያሳ አካባቢ ነው የሚሰራው፣ ዓመታት የቆረጠኝ ልጅ ነው፣ ማሽኑን አጠፋና ጆሮዬ ስር ጠጋ ብሎ "ብሮ አትቀየመኝ፣ ጭርት ነገር ነው፣ ደንበኛ ካየ ሰው አይመጣልኝም" አለኝ። ግማሹ የተቆረጠ ግማሹ ያልተቆረጠ ጭንቅላት ላይ ኮፍያ ደፍቼ ወጣሁ። አልፈርድበትም፣ እንጀራው ነው።

ከዛ ቤት ውስጥ ያለው ሕክምና ተጀመረ። እማ ለጋ ቅቤ ቀባችኝ፣ ሬት ቀባችኝ፣ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠሽ ለጥፊለት አላት፣ እሱን የለጠፍኩ ማታ እስከ ፈጅር አልተኛሁም፣ ቆዳው ተቃጥሎ ውሃ ቋጠረ። እማን አትስደቡብኝ፣ "አብሽር ልጄ አላህ ያሽርሃል" እያለች በእጇ የሌለውን ሁሉ ነው ያደረገችልኝ። ግን ቅቤም ዘይትም መግል ባለበት የራስ ቆዳ ላይ አትቀቡ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ደግሞ ለወጥ ተዉት።

ከቅቤው በኋላ ክሊኒክ። ስሙን አልጠራም። ከሩቅ አየኝና ፈንገስ ነው አለኝ፣ ያው ጭርት ማለቱ ነው፣ ግሪሲዮፉልቪን ጻፈልኝ፣ ሁለት ወር። ስጨርስ አልተሻለኝም፣ እንደገና ሁለት ወር። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ያው ፈንገስ፣ መድኃኒቱ ብቻ ተቀየረ። በመሀል ፋርማሲ ሄጄ የሰጡኝ ቅባት ሳምንት አስታገሰልኝ፣ ሳቆመው በእጥፍ መጣ፣ ለካ ስቴሮይድ ነበረበት፣ ቁጣውን ለጊዜው የሚያፍን መድኃኒት። እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት ሄደ። መጀመሪያ የስኒ አፍ የምታህል የነበረችው መላጣ መዳፍ አከለች።

እዚህ ጋር የሚያናድደኝን ልናገር። የራስ ቆዳ ፈንገስ በብዛት የሕፃናት ነው፣ አዋቂ ላይ እንደዛ አይበዛም። መኖር አለመኖሩን ማየት ደግሞ ቀላል ነው፣ ቅርፊቱን ፋቅ አድርጎ፣ ሁለት ሦስት ፀጉር ነቅሎ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልፋቀኝም! ስለዚህ ፈንገስ ነው ብሎ መድኃኒት የሚጽፍላችሁ ሰው ካለ በትህትና "ተፍቆ ይታይልኝ" በሉ፣ መብታችሁ ነው።

ቦሩ ሜዳ ሂድ ያለኝ የስራ ባልደረባዬ ነው፣ በዕድሜ ትልቃችን ስለሆነ ሁላችንም አያ ነው የምንለው። "አንተ፣ የቆዳ ሐኪም አጠገብህ እያለ ምን ታስሳለህ" አለኝ። ቦሩ ሜዳን የደሴ ሰው ያውቀዋል፣ ከከተማው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ ነው፣ ድሮ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተብሎ የተቋቋመ ሆስፒታል ነው፣ አሁን ጠቅላላ ሆስፒታል ቢሆንም የቆዳ ነገር ላይ ያለው ልምድ ከዛ የመጣ ነው። ግን እሱ ልምዱ ነው የሚያስፈራው። እዛ የታየ ሰው "ያ በሽታ" አለበት ይባላል፣ ስሙን እንኳ የማይጠሩት ሰዎች አሉ። ለእማ ስነግራት ስኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ለማንም እንዳትናገር" አለችኝ፣ ቤት ውስጥ እኮ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ለማንኛውም ሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በኪኒን የሚድን በሽታ ነው፣ ፍርሃቱ ነው እንጂ ያልዳነው።

ዶክተሯ መብራት ያላት ትንሽ ማጉያ አናቴ ላይ አድርጋ ብዙ አየች። ከዛ በስልኬ ፎቶ አንስታ አሳየችኝ። የራሴን አናት እንደዛ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። መሀሉ የሚያብረቀርቅ ነው፣ ሻማ የፈሰሰበት ይመስላል፣ የፀጉር ቀዳዳ የሚባል ነገር የለውም፣ ጥፍት። ጠርዙ ላይ ደግሞ ከአንድ ቀዳዳ ስምንት አስር ፀጉር ተጠቅልሎ ወጥቷል፣ ልክ የጥርስ ብሩሽ አንዷን ዘለላ አስቡት። "ይቺን ታያለህ? ፈንገስ እንዲህ አይሰራም" አለችኝ። ስሙን ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፣ ፎሊኩላይተስ ዲካልቫንስ። ዲካልቫንስ ማለት በላቲን መላጣ የሚያደርግ ማለት ነው አሉ፣ ቢያንስ ስሙ አይዋሽም። ካንኮ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በፈረንጅ 1888 የገለጸው በሽታ ነው፣ ከአድዋ 8 ዓመት በፊት ማለት ነው፣ እኔ ደሴ ላይ ጭርት ነው ስባል በሽታው ስም ካወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ብዙ ጤነኛ ሰው ቆዳና አፍንጫ ላይ አለ ምንም ሳያደርግ። እንደኛ ዓይነቱ ሰው ላይ ግን ሰውነት ከልኩ በላይ ይቆጣል፣ ነጭ የደም ሴሎች ፀጉር የሚበቅልባትን ቀዳዳ ይወርሯታል፣ መግሉ እሱ ነው፣ በመሀል ቀዳዳዋ ራሷ ትሞትና ቦታዋ ጠባሳ ይሆናል። ለምን እኛ ላይ ብቻ ለሚለው ሐኪሞቹም ቁርጥ ያለ መልስ የላቸውም። ዋናው ነገር ጠባሳ የሆነው ቦታ ፀጉር አያበቅልም። በቅባትም በጠበልም በዱዓም በቱርክ ሻምፖም። ድንገት ክብ ሆኖ የሚረግፈው አሎፔሺያ አሪያታ የሚባለው ሌላ ነው፣ እሱ መግል የለውም፣ ቀዳዳዎቹም አሉ፣ ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል። የኛ መሬቱ ሲሚንቶ ተደርጓል። ስለዚህ ሕክምናው የቀረውን ለማዳን ነው፣ ይሄን መጀመሪያ ቀን የነገረኝ ሰው ቢኖር ያን ሁለት ዓመት አላባክንም ነበር።

ይተላለፋል ወይ ብላችሁ ለምትጨነቁ አይተላለፍም። ባለቤቴ ይኸው ስድስት ዓመቷ ነው አጠገቤ ስትተኛ፣ ፀጉሯ እንዳለ አለ። የትራስ ልብስና ፎጣ ቶሎ ቶሎ ማጠብ ጥሩ ነው፣ ከዛ አልፎ ሳህን መለየት ምናምን ቂልነት ነው።

ቦሩ ሜዳ መጀመሪያ የተሰጠኝ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ነው። ከቆዳው ትንሽ ለናሙና ተቆርጦ ቢመረመር ጥሩ ነው ብላኝ ነበር፣ አይ መጀመሪያ መድኃኒቱን ልሞክር ብዬ እኔ ነኝ የገፋሁት። 2013 ሚያዝያ ረመዳን ገባ። ሁለት ጊዜ ስለሆነ ለጾም ይመቻል፣ አንዱን ለሱሁር አንዱን ለኢፍጣር። ግን አንድ ስህተት ሰራሁ፣ የሱሁሩን ቶሎ ብዬ በሁለት ጉንጭ ውሃ ውጬ ተመልሼ ተኛሁ። ጠዋት ደረቴን ፍም የዋጥኩ ያህል አቃጠለኝ፣ ሦስት ቀን ምራቅ መዋጥ አቃተኝ። ለካ ኪኒኑ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ነው፣ ከዛ ግማሽ ሰዓት ቢያንስ ቁጭ ማለት ነው። ደግሞ እኛ ጋ መድኃኒት ይከብዳል ወተት ጠጣበት ይባላል አይደል፣ ዶክሲን በወተት አትውሰዱ፣ ወተቱ ይይዘዋል፣ ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም። ፀሐይም ያስቃጥላል፣ ኮፍያ አድርጉ፣ ሰፋ ያለ ግን፣ የሚፈትግ አይደለም።

ሦስት ወር ላይ መግሉ ቀነሰ፣ ደስ አለኝ። ከዛ 2014 ጥቅምት መጣ፣ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። የደሴ ሰው ያችን ሳምንት መንገር አያስፈልገውም። እማን፣ ባለቤቴንና አንድ ሻንጣ ይዤ ወጣሁ፣ መድኃኒቴ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። አዲስ አበባ አጎቴ ቤት ገባን፣ በሰው ቤት፣ በአንድ ክፍል፣ ሐሳቡም ተጨምሮበት አናቴ እንደ አዲስ ፈነዳ። ማጅራቴ ድረስ ወረደ። ስራ የለ፣ ቤቱ ምን ሆነ የለ፣ እኔ ደግሞ ስለ ፀጉር አስባለሁ ብዬ አፍር ነበር። አጎቴ ነው ጎትቶ ዘነበወርቅ አለርት የወሰደኝ። ያው እሱም እንደ ቦሩ ሜዳ ከሥጋ ደዌ የተነሳ ሆስፒታል ነው፣ እኔማ ተለማምጄዋለሁ።

እዛ ናሙናው ተወሰደ። የምትፈሩ ካላችሁ ልንገራችሁ፣ የሚያመው የማደንዘዣው መርፌ ብቻ ነው፣ ከዛ 4 ሚሊሜትር የምታክል ክብ መቁረጫ አለች፣ ጠምዘዝ አድርጎ ያወጣታል፣ ድምጿ ይሰማል ሕመሟ አይሰማም። የራስ ቆዳ ደም ይበዛዋል አትደንግጡ፣ አንድ ስፌት ተሰፋልኝ፣ በ10 ቀኑ ተነሳ። ይሄን ግን ያዙ፣ ናሙናው የሚወሰደው ፀጉር ገና ካለበት፣ ቀይ ከሆነው ጠርዝ ነው። መሀል ካለው መላጣ ከተወሰደ የሚገኘው ጠባሳ ብቻ ነው፣ ምን እንደገደለው አይናገርም። መግሉም በጥጥ ተወስዶ ተመረመረ፣ ስታፊሎኮከሱ ወጣ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚይዘውም አብሮ ወጣ። በሦስት ሳምንቱ የናሙናው ውጤት ከቦሩ ሜዳ ዶክተር ቃል ጋር ገጠመ። እሷ በዓይኗና በማጉያዋ ያወቀችውን ማለቴ ነው።

ከዛ ሪፋምፒሲን 300 ሚሊግራም እና ክሊንዳማይሲን 300 ሚሊግራም፣ ሁለቱም ጠዋትና ማታ፣ ለ10 ሳምንት። ሪፋምፒሲን የቲቢና የሥጋ ደዌ መድኃኒት ነው፣ ለዛ ነው ዝም ብለው የማይሰጡት። መጀመሪያ ቲቢ እንደሌለብኝ በራጅና በአክታ ታየ፣ ጉበቴ በደም ታየ። ብቻውን ደግሞ አይወሰድም፣ ባክቴሪያው ቶሎ ይለምደዋል። እና እባካችሁ ይሄን አንብባችሁ ከሰው ለምናችሁ እንዳትውጡ። ሽንታችሁ ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል፣ ተነግሮኝ እንኳ መጀመሪያ ቀን ሳየው ጉልበቴ ራደ። እንባም ላብም ይቀላል፣ አንድ ነጭ ካናቴራ አበላሽቶብኛል።

የግቢው መጸዳጃ ቤት የጋራ ነበር። አንዷ ተከራይ አየች መሰለኝ፣ ኪኒኑንም አውቃዋለች፣ "እኔም ስድስት ወር ወስጄዋለሁ፣ ሳንባ ነው እንዴ?" አለችኝ። አይደለም ብዬ አስረዳኋት፣ ጭንቅላቴን ሳይቀር አሳየኋት። በማግስቱ ቡና ሲቀርብ የኔ ስኒ ለብቻዋ ነበረች፣ ጆሮዋ የተሰበረ። እማ አየቻትና ስኒዬን አንስታ ራሷ ጠጣችባት፣ የኔን በሷ ስኒ ሰጠችኝ። ማንም ምንም አልተናገረም፣ ወሬው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ቀጠለ።

ክሊንዳማይሲኑ ሆድ ያስቸግራል፣ ኃይለኛ ተቅማጥ በተለይ ደም ያለው ከመጣ አቁማችሁ በዛው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ሴቶች ደግሞ ይሄን ስሙኝ፣ ሪፋምፒሲን የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንንም ክንድ ላይ የሚቀበረውንም ያደክማል፣ ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትጀምሩ። በሽታው ወንድ ላይ ቢበዛም ሴቶችንም ይይዛል፣ ሻሽ ስለሚሸፍነው ነው የማይታየው።

በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጠዋት ተነስቼ ትራሱን በእጄ ዳበስኩት፣ ደረቅ ነው። አሥሩ ሳምንት ሲያልቅ ደሴ ተመልሰን ነበር፣ የጤና ተቋማቱ ተዘርፈው፣ ፋብሪካው ገና ስራ ሳይጀምር፣ እኔ ግን አናቴ አያሳክከኝም። ከዓመት በላይ ዝም አለ። 2016 መስከረም ላይ ሦስት ብጉር ብቅ አለች፣ ይሄ በሽታ መመለስ ይወዳል ተብያለሁ፣ አልጠበቅኩም፣ በሳምንቱ ቦሩ ሜዳ ነበርኩ፣ ዶክሲ ተመለሰልኝ፣ ጠርዙ ላይ ትሪያምሲኖሎን የሚባል መርፌ ተወጋሁ (እሱ ያማል፣ አልዋሽም)፣ አፍንጫዬ ውስጥ የሚቀባ ሙፒሮሲን ተሰጠኝ፣ ባክቴሪያው እዛ ይደበቃል። ለዚህም እምቢ ካለ አይሶትሬቲኖይን የሚባል አለ ብለውኛል፣ እሱ እርጉዝ ወይም ለማርገዝ የምታስብ ሴት ጭራሽ የማትነካው ነው።

ፀጉር ተከላስ ብዬ ጠይቄያለሁ፣ ቱርክ ሄዶ የመጣ ሰው አይታችሁ ይሆናል። ዶክተሯ ሳቀችና "እሳት ባለበት ቤት ዕቃ አታስገባም" አለችኝ። በሽታው ለረጅም ጊዜ ጸጥ ሳይል ከተተከለ የተተከለውንም ይበላዋል፣ የተኛውንም ሊቀሰቅሰው ይችላል።

አሁን የራሴ ማሽን አለኝ፣ ባለቤቴ ናት የምትቆርጠኝ፣ ምላጭ አይነካኝም፣ ከቆዳ ትንሽ ከፍ አድርጋ ነው። ሄልሜቴ ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ አደርጋለሁ፣ በየቀኑ አጥባለሁ። ቅርፊት በጥፍር አልነካም፣ እሱ ከሁሉ ከባዱ ነው፣ እጅ ሳያውቀው ይሄዳል። ማጅራታችሁ ላይ ብቻ ፀጉር ከተቆረጣችሁ በኋላ ጠጣር እባጭ የሚወጣባችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ እሱም ግን የቆዳ ሐኪም ጉዳይ ነው።

ፎቶ አታላይ ነው፣ መብራቱ ይለያያል፣ ስለዚህ ባለቤቴ የፈጠረችው ዘዴ አለ። የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ አናቴ ላይ ትዘረጋና የመላጣውን ጠርዝ በማርከር ዙሪያውን ትስላለች፣ ጆሮዬና ግንባሬ የት እንደሆነም ምልክት ታደርጋለች፣ ቀኑን ትጽፍበታለች። በየሦስት ወሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ላስቲኮች እንደ ጎርፍ ካርታ ናቸው፣ በየጊዜው ይሰፋሉ። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ አዲሱን ሳለችና የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ መስኮቱ ላይ ለጠፈቻቸው። መስመሩ አንድ ነው። ዝም ብላ አየችውና "እስኪ አራተኛውን ከመሳቢያው አምጣልኝ" አለችኝ።